ሚዶውና ረጅሙ ሰላምታ

ካርታ የሚስሉ ሰዎች ያላገኙት፣ ያገኙትም አይተው እንዳላዩ ያለፉት አንድ አገር ነበር። ስሙን የሚያውቁ ሰዎች አይናገሩትም፤ የማያውቁት ደግሞ ወሬውን ሲሰሙ "ይህስ የእኛው አይደል?" ይላሉ። ስለዚህ ስሙን እንተወው።

ሕዝቡ ዘመድ ወዳድ ነው። አንድ ሰው ከወንድሙ ሳይላላክ ወር ከከረመ የታመመ ይመስለዋል። የሚላላኩበት መንገድ ግን ለየቅል ነበር። ደገኛው ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠረ ይልካል፤ የሐይቁ ሰው ሸምበቆ ላይ ጭረት እየጫረ ይልካል፤ ቆለኛው ክር ላይ ዶቃ እየሰካ ይልካል። እያንዳንዱ ቋጠሮ፣ እያንዳንዱ ጭረት፣ እያንዳንዱ ዶቃ የራሱ ድምፅ አለው። ሦስቱ መንገዶች በሚገናኙበት ገበያ ለዋጮች ቁጭ ብለው የደጋውን ገመድ ወደ ዶቃ፣ የቆላውን ዶቃ ወደ ሸምበቆ እየለወጡ ያሳልፋሉ።

ከገበያው በላይ ጆሮ ቤት አለ። በአገሩ ሕግ ማንኛውም መልእክት ባለቤቱ እጅ ከመግባቱ በፊት ጆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ለዚህ አንባቢ ተሹሟል። በስተቀኙ የመንግሥት አልቃሽ፣ በስተግራው የመንግሥት ሳቂ ይቀመጣሉ። መርዶ ሲነበብ አልቃሹ ያለቅሳል፤ የምሥራች ሲነበብ ሳቂው ይስቃል። ሕጉ "ሐዘኑ አስቀድሞ ከተለቀሰለት ባለቤቱ ላይ አይከብድም፤ ደስታውም አስቀድሞ ከተሳቀለት ልቡን አያሳብጠውም" ይላል። ስለዚህ አንዲት ሴት ማርገዟን ለባሏ ብትልክ ባልየው የሚሰማው ከገበያተኛው ሁሉ በኋላ ነው። "እንኳን ደስ ያለህ" የሚለውን ሰው ምን ተገኘ ብሎ እየጠየቀ ነው ቤቱ የሚገባው።

ጌጡ የሚባል ወጣት በዚህ ቤት አንባቢ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ለወደደችው የላከችውን ገመድ አንስቶ ጥቂት ካነበበ በኋላ ማንበቡን አቆመ። ሳቂው ለመሳቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጌጡ ገመዱን ጠቀለለና "ይህ ለእኛ የተላከ አይደለም" ብሎ ወደ ለዋጮቹ ወረወረው። ከዚያ በኋላ አገሩ ውስጥ የሚቀመጥበት አልነበረውም። እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ፤ ፈረሰኞች እንዲፈልጉት ታዘዘ።

እህቱ ስንዱ ደጋ ላይ ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ ቋጣሪነት ነው፤ ቋጠሮ ለማይችል ሰው ቃሉን ተቀብላ ገመድ ላይ ታስርለታለች። እናትየዋ ልጃቸው ከሸሸ ጀምሮ በር በሩን እያዩ "ይኑር አይኑር እንኳ አልሰማ" ይላሉ። ለጌጡ ቃል መላክ ግን ፈረሰኞቹን እጃቸውን ይዞ እንደ ማድረስ ነው። ስንዱ መፍትሔ ስታስብ ከረመች።

መጨረሻ ላይ የደረሰችበት ነገር ሚዶ ነበር፤ ያው ጸጉር የምናበጥርበት ሚዶ። ከእንጨት ቀረጸችው፤ ጥርሶቹን ግን አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም አደረገቻቸው። ላኪው እያንዳንዱን ቋጠሮ ከማሰሩ በፊት በተራው ጥርስ ይለካዋል፤ በጥርሱ ርዝመት ልክ ቋጠሮው ይቀየራል። ገመዱን ያለ ሚዶው ያነበበ ሰው የሚያገኘው ቅዠት ነው። የሚዶው መንታ በእጁ ያለ ሰው ግን በዚያው ጥርስ መልሶ እየለካ እውነተኛውን ቃል ያወጣዋል።

ለደጋ ብቻ የሚሆን ሚዶ ግን ምን ይረባል? ጌጡ ያለው ዶቃ አገር ነው፤ መንገዱም በሸምበቆ አገር ያልፋል። ስለዚህ ስንዱ ገበያ ወርዳ ሁለት ሰዎች ፈለገች። አንዱ ጋሽ ቢረሳው፣ በሐይቁ ዳር ሸምበቆ ሲጭር ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ዘሃራ፣ የቆላ ዶቃ ሰኪ ናት፤ ጌጡን የደበቁትም የእሷ ዘመዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ መሳቂያ ሆነ። ስንዱ "ዝናብ ዘነበልን" ብላ ቋጥራ፣ በሚዶ ለክታ፣ ለጋሽ ቢረሳው በሸምበቆ አስለውጣ ላከችለት። ጋሽ ቢረሳው በመንታው ሚዶ ፈትቶ ሲያነብ "ፍየሏ ጉልበቷን አገባች" የሚል አገኘ።

"ሚዶሽ ሰክሯል፣" አላት ሲገናኙ።

"የሰከርክስ አንተ ነህ ጋሼ። ከየት ጀምረህ ነው የለካኸው?"

"ከሥሩ ነዋ! ሸምበቆ የሚበቅለው ከሥሩ ነው። አንቺስ?"

"ከአናቱ ነዋ! ገመድ የሚሰቀለው ከአናቱ ነው።"

ሁለቱ በዚህ ሲጨቃጨቁ ገበያው ተሰበሰበ። ዘሃራ ዶቃዋን ከአንገቷ አውጥታ ፊታቸው ዘረጋችው። "እስቲ የእኔን አናትና ሥር አሳዩኝ፣" አለች። ዶቃው ክብ ነው፤ ጫፍ የለውም።

ለካ ሦስቱም አገር ዕድሜውን ሙሉ መልእክት የሚጀመረው እሱ ከሚጀምርበት ብቻ ይመስለው ነበር። ለዋጮቹ በልማድ እያገላበጡ ስለሚያሳልፉት ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ስንዱ የሚዶውን የመጀመሪያ ጥርስ በእሳት አጠቆረችው። ገመድም ይሁን ሸምበቆ ወይም ዶቃ፣ ጥቁሩ ጥርስ ያረፈበት መጀመሪያው ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ፍየሏ ዳግመኛ አላገባችም።

ስንዱ ሚዶውን የምትቀርጸው ገበያ መሃል ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ቢረሳው ይህን ሲያይ ጭንቅ ያዘው። "ደብቂው እንጂ! የጆሮ ቤት ሰዎች አሠራሩን ያዩብሻል።"

"ይዩት። አሠራሩ አይደለም ምሥጢሩ። ምሥጢሩ ላኪና ተቀባይ የመረጡት የጥርስ ልክ ነው። ይልቅ የሚያየው ሰው ሲበዛ ጉድለቱን የሚነግረኝም ይበዛል።"

እውነትም ደጋውም ቆላውም የራሱን ሚዶ እየቀረጸ መላላክ ጀመረ። ባል ለሚስቱ፣ ነጋዴ ለሸሪኩ፣ የተጣላ ለሚታረቀው። ጌጡም በዘሃራ እጅ የራሱ ሚዶ ደረሰው። ሕጉ ስላልተሻረ የጆሮ ቤት አንባቢ አሁንም እያንዳንዱን መልእክት ደጃፍ ላይ ቆሞ ያነባል፤ ቅዠቱን በሙሉ ድምፁ፣ በሙሉ ክብሩ ያነባል። አልቃሹና ሳቂው ግራ ገባቸው። በአንዱ ሰው ሠርግ ላይ አልቃሹ ደረቱን ደቃ፤ በሌላው መርዶ ላይ ሳቂው በሳቅ ተንፈራፈረ።

ጌታው ሊቀ ጆሮ ተሰማ ስንዱን አስጠሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰው ጉዳይ ሳይሰሙ የዋሉ ቀን እህል የማይወርድላቸው ሰው ነበሩ።

"ልጄ ስንዱ፣ ሚዶሽ ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፣" አሏት።

"ምን ጎደለው ጌታዬ?"

"ሦስተኛ። አንዱ ለላኪ፣ አንዱ ለተቀባይ፣ አንዱ ለእኔ። አላይበትም እኮ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነው የማስቀምጠው። ክፉ ሰው ሲመጣ ብቻ አወርደዋለሁ።"

"ክፉውን ከደጉ ማን ይለየዋል?"

"እኔ ነኛ!"

"እርስዎ ከሹመትዎ ሲነሡስ?"

"ሊቀ ጆሮ አይነሣም።"

"ከእርስዎ በፊት የነበሩት ታዲያ የት ሄዱ?"

ሊቀ ጆሮ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። "ጤና አጥተው ነው፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ጌታዬ፣ እንጨት ማን እንደያዘው አያውቅም። ለእርስዎ የቀረጽኩት ሚዶ ግድግዳው ላይ እጁን ለሰደደ ሁሉ ይታዘዛል። ይቅርታዎን፣ እኔ አልቀርጸውም።"

አልተቆጧትም፤ አዋጅ አስነገሩ እንጂ። ሚዶ ያለው ሁሉ አንድ ለጆሮ ቤት ያስገባ ተባለ። ሕዝቡ ታዛዥ ነውና ሁሉም አስገባ፤ እያንዳንዱ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን የጸጉር ሚዶ። በጆሮ ቤት ጸጉሩ ያልተበጠረ ሹም ጠፋ፤ የተፈታ መልእክት ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው በሌላ በኩል ነው። በዚያ አገር ሰው ቃል ሲልክ በሰላምታ ይጀምራል፤ ሰላምታው ደግሞ እንደ ጸሎት ነው፣ አይቀየርም። "እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።" ሌላው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰዉ ሚዶውን ሲይዝም ይህን ልማዱን ይዞ መጣ። አንድ ቀን ፈረሰኞች ሳይታሰብ ጌጡ ያለበትን ጎጆ ከበቡት። በጓሮ በር ባዶ እግሩን አመለጠ። ከፈረሰኞቹ አንዱ ለዘሃራ ዘመዶች እየሳቀ "ሰላምታችሁ ነው የነገረን" ብሏቸው ሄደ።

ሦስቱ ሚዶ ሠሪዎች ቅስማቸው ተሰበረ። ሰላምታው እንዴት እንደከዳቸው በትክክል አልገባቸውም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ በሚዶ የሚላክ መልእክት ሰላምታ እንዳይኖረው ብለው በየገበያው አስወሩ። ሰው እያጉረመረመ እሺ አለ። አማት ከአማች ተቀያየመ፤ የወንዱ ወገን "ከብቱን ሐሙስ ነድታችሁ አምጡ" ብሎ ብቻ በመላኩ አንድ እጮኝነት ፈረሰ።

ከሁሉ የባሰው ግን ስንዱ ቤት የደረሰው ነው። ከቆላ አጭር መልእክት መጣ። ስንዱ በሚዶዋ ፈትታ ለእናቷ አነበበችላቸው። "አለሁ። ቦታ ቀይሬያለሁ። አታስቡ።"

ወይዘሮ አስካለ ቀጣዩን ሲጠብቁ ቆዩ። "ሌላስ?"

"በቃ፣ ይኸው ነው እማ።"

"ይህን የላከው ማን ነው?"

"ጌጡ ነዋ!"

"አይደለም።" ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ጌጡ እኔን ሰላም ሳይል አፉን አይከፍትም። ባዶ እግሩን ነው የወጣው አላላችሁም? ጫማውን ትቶ የወጣ ሰው ሚዶውን ይዞ ይወጣል? ሚዶውን አግኝተውታል። ልጄን ገድለው በሚዶው ያጫውቱኛል።"

ስንዱ ገመዱን መልሳ አነሣች። እናቷ ያሉት ሞኝነት አልነበረም። ገመዱን ደጋግማ ብትዳስሰውም ወንድሟ ይሁን ፈረሰኛ የሚነግራት አንድም ቋጠሮ አላገኘችበትም። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ገባት።

ወይዘሮ አስካለ መሬት ወርደው ተቀመጡ፤ ጥቁር ለበሱ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። የጌጡን ጋቢ ለለማኝ ሰጡት። ውሃ እንጂ እህል አልቀምስ አሉ፤ ሰውነታቸው ከቀን ወደ ቀን ሟሸሸ። ሊቀ ጆሮም ወሬውን ሰሙና የጌጡን ስም ከሚፈለጉ ሰዎች መዝገብ አስፋቁት። ለወጉ ያህል የመንግሥቱን አልቃሽ ወደ ለቅሶው ቤት ላኩት።

ጋሽ ቢረሳው ስንዱን ጥግ ይዞ አንሾካሾከላት። "ልጁ በሕይወት ካለ ሞቷል መባሉ ይበጀዋል። ፈረሰኞቹ ተመልሰዋል። ለምን ዝም ብለሽ አትተዪውም?"

"ለእሱ ይበጀው ይሆናል ጋሼ። እማ ግን እየሞተችብኝ ነው። እኔም ብሆን መኖሩን በምን አውቃለሁ?" አለችና እንባዋ ቀደማት።

አልቃሹ ድርሻውን አልቅሶ ሲጨርስ ጥጉን ይዞ ንፍሮ ይበላ ጀመር። ሥራው ያለ አንድ ፍሬ ነገር ቅዠት ሲሰሙ መዋል ስለሆነበት ደክሞት ነበር። እፍኙን እያነሣ፣ እያኘከ፣ ሳያስበው አንድ ነገር ያንጎራጉራል። ስንዱ ጆሮዋን ጣል አደረገች። የሚያንጎራጉረው ቅዠት ነው፤ ግን ታውቀዋለች። ጌጡ በፊት ይልከው የነበረ ሰላምታ በሚዶው ከተለወጠ በኋላ የሚሰማው ልክ እንዲህ ነበር።

"ይህን ዜማ ከየት አመጡት ጋሼ?" አለችው።

"ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው። አንባቢው ሲያነብ ሲያነብ መጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ሆነ። የዚያኛው ሰው መጀመሪያ የራሱ ዜማ፣ የዚህኛው የራሱ ዜማ። እኔ ነኝ ለጌታው የነገርኳቸው፤ 'ሁሉም የሚጀምረው በሰላምታ ነዋ' ብለው ሰላምታውን ከቅዠቱ ጋር እያስተያዩ ጥርሱን ለኩት።" እንደ መኩራትም እንደ ማፈርም አለውና ሌላ እፍኝ አነሣ።

ስንዱ እጁን አየች። መዳፉ ላይ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ተቀላቅለዋል። ቅድም ያነሣው ሽምብራ በዝቶበት ነበር፤ ይሄኛው ባቄላ በዝቶበታል። ከአንድ ድስት እየተቀዳ አንዱ እፍኝ ሌላውን አይመስልም።

ከለቅሶ ቤቱ ወጥታ ሮጠች። ሰላምታውን መከልከል አያስፈልግም ነበር፤ ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣቱ ነበር በሽታው። ከጋሽ ቢረሳውና ከዘሃራ ጋር ቁጭ ብላ አዲሱን ሥርዓት አወጣች። ማንም መልእክት ከመጀመሩ በፊት ከተቀላቀለ ጥሬ አንድ እፍኝ ይዘግናል። አይቶ አይመርጥም፤ እጁ ላይ የወጣለትን በወጣበት ተራ መጀመሪያው ላይ ያስረዋል። ስንዴ ሲሆን ጥርስ ይዘለላል፤ ሽምብራ ሲሆን ሚዶው ይገለበጣል፤ ባቄላ ሲሆን እንዳለ ይሄዳል። ለዋጮቹ እፍኙን እንዳለ ያሳልፉታል፤ ተቀባዩ እሱን አይቶ ሚዶውን በዚያው ተራ ያስኬዳል። ጠዋት "እንደምን ሰነበታችሁ" ያለ ሰው ማታም ቢል፣ የጠዋቱ ከማታው አይገናኝም።

"አልቃሹስ?" አለ ጋሽ ቢረሳው።

"ያንጎራጉር። ዜማ ካገኘበት እኔን ጥሩኝ።"

ዘሃራ አዲስ ሚዶና አንድ ከረጢት ጥሬ ይዛ ራሷ ወደ ቆላ ወረደች። ስንዱ ደጋ ላይ ቀረች፤ እናቷን በማንኪያ አጥሚት ልታቀምስ እየለመነች፣ እየተገፋች ጠበቀች። ዘሃራ ጌጡን ታገኘው ይሆን መቃብሩን፣ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን ጆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ለስንዱ የመጣ መልእክት አለ ተባለ። ለዋጮቹ ከዶቃ ወደ ገመድ ሲለውጡት አንድ ጥቅል ገመድ አልበቃቸው ብሎ ሌላ ቀጥለውበታል። አንባቢው ጀመረ። ቅዠቱ ማለቂያ የለውም፤ አንባቢው ድምፁ ሰለለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ቀጠለ። አልቃሹ ዓይኑን ጨፍኖ ዜማ ይፈልጋል፤ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ምንም አላገኘም። "ምን ላድርግ?" አለ መጨረሻ ላይ። ሳቂው ትከሻውን ሰበቀ። ሊቀ ጆሮ ራሳቸው ከመስኮቱ ብቅ ብለው ቢያዳምጡም ራሳቸውን እያከኩ ተመለሱ።

ስንዱ ገመዱን ተሸክማ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እፍኙን አየችና ጥቁሩን ጥርስ መጀመሪያው ላይ አሳረፈች። ታነብ ጀመር።

"እንደምን ሰነበትሽ እማ፣ ወገብሽን እንዴት አደረገሽ..."

ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ናቸው።

"...ቤቱ ደህና፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ተከደነ ወይ። ዳልቻዋ ላም ደህና፣ አሁንም ስትታለብ ትራገጣለች ወይ። እትዬ የሺ ደህና፣ ከባሏ ታረቀች ወይ። የደጁ ውሻ ደህና፣ ያቺ ተክያት የሄድኩት ኮክ ደህና፣ ስንዱ ደህና፣ አሁንም በእንቅልፍ ልቧ ታወራለች ወይ..."

ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው ዞሩ። "ስለ ላሟ ጠየቀ?"

"ጠየቀ እማ።"

"ስለ መራገጧ?"

"እሱንም ጠየቀ።"

"የሺንም አልረሳም?" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ስንዱ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አቃታት፤ እሷም ሁለቱንም እያደረገች ነበርና። ያን ያህል ረጅም ገመድ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሰላምታ ብቻ ነበር። ሌላ አንድም ነገር የለበትም።

"እህል አምጪ፣" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ጥቁር ልብሳቸውን አስተካከሉና እንደገና መሬት ወርደው ተቀመጡ። ስንዱ ደነገጠች። "አሁንማ ምን ሆነሽ?"

"ሞኝ አትሁኚ። ነገ በጆሮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ደረቴን እየደቃሁ ነው የማልፈው። ልጄ ለእነሱ ሞቶ ይቆይ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በይ ቋጥሪ፤ ቃል አለኝ። መጀመሪያ ግን ሰላም በዪው፤ ምንም ሳታስቀሪ።"

ስንዱ አዲስ ገመድ ዘረጋች። ለለቅሶተኛ የተቀቀለው ንፍሮ ጥግ ላይ በገበቴ እንዳለ ነው። ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደችና አንድ እፍኝ ዘገነች።